የምዕራፍ ዘጠኝ ባለቤት

ማረሚያው ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ።

ሌላ ደራሲ ቢሆን በደስታ በዘለለ። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ገጽ፤ የጎደለው ፊደል በቀይ ተተክቷል፣ የተረፈው ነጥብ በቀይ ተሰርዟል፤ የገጾቹ ኅዳግ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ደራሲዋ በማተሚያ ቤቱ መግቢያ ቆማ አንድ በአንድ ገልጣ ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ገለጠች። እሷና አራሚው ሁለት ዓመት ሙሉ የተፋቀሩት በዚያ ኅዳግ ላይ ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው በሁለተኛው ልቦለዷ ነው። ስለ ቤት ሠራተኞች የጻፈችው መጽሐፍ ለእርማት ሲመጣላት፣ ገጽ አርባ ላይ፣ ጀግናዋ ከምታለቅስበት መስመር አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተብሎ ነበር፦ «እስካሁን አስራ አንድ ጊዜ ተለቅሷል። ጎርፍ እንዳይወስደን።» ተናደደች። «አራሚ ፊደል ያርም፤ እንባ ቁጠር ያለው የለም» ብላ ጻፈችበት። በሚቀጥለው ዙር መልስ መጣ፦ «ልቆጥር ብዬ አይደለም። አብሬ ሳለቅስ ቁጥሩ ያዘኝ።» እዚያ ላይ ተያዘች። ከዚያ ወዲህ በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ መካከል ስንቱ ተባለ! የሌላው ደራሲ ግድፈት ስንፍና ነው፤ የእሷ ግን ስልት ሆነ። መልስ ሲናፍቃት ሆን ብላ ቃል ትገድፍ ነበር።

ከኅዳግ ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡም ዓመት አልፏል። ቤተሰብ ግን ገና አልሰማም፤ ባይሰማም ይሻል ነበር። እሷ የትልቁ ሆስፒታል ዳይሬክተር ልጅ ናት። እሱ እዚያው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ዓመት የሠራች እናት ልጅ ነው። አንዱ ሆስፒታል ሁለቱንም አሳደጋቸው፤ አንዷን በፎቁ፣ አንዱን በምድር ቤቱ።

ሦስተኛው ልቦለዷ ደግሞ፣ ሌላ ርዕስ በምድር ላይ የጠፋ ይመስል፣ ስለ አንድ ሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች ነው።

«ወይዘሪት አይነካም! መጣሽልን!»

ከማረሚያ ክፍሉ የጮኸችው ራዲዮ ነበረች። ደራሲዋን «ወይዘሪት አይነካም» ያሏት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ከጽሑፏ ቃል ይቀነስ በተባለ ቁጥር መልሷ አንድ ስለሆነ። ራዲዮም ራዲዮ የተባለችው በከንቱ አይደለም። በዚህ ማተሚያ ቤት እርማት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በታተመው ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ በቀይ እየተከተለ ያርማል። አንባቢዋ ራዲዮ ናት፤ ከቲያትር ቤት ተርፋ የመጣች ጉሮሮ።

«ምዕራፍ ዘጠኝን እንዴት አድርጌ እንዳነበብኩት ብታይ!» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ጠራዦቹ ሥራ አቁመው መጡ። ወረቀት ቆራጯ፣ ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችው፣ እዚህ ጋ ቆማ ነፈረቀች። እኔም ድምፄን ሰበር እያደረግሁ...»

«አራሚውስ?» አለች ደራሲዋ። ድምፅዋ ከሩቅ መጣባት።

«እሱማ ምን ያለቅሳል፤ ድንጋይ! አንገቱን ደፍቶ ነጥብ ሲለቅም ነበር። ሁለት ጊዜ "ቀስ በይ፣ አልደረስኩብሽም" አለኝ እንጂ። እኔ ግን ያንን ልጅ ከመጽሐፉ ወጥቼ ረገምኩት! እጇ በበረኪና ተበልቶ ያስተማረችህን እናትህን፣ በምረቃህ ቀን፣ ጓንት ገዝተህ "እጅሽን ሸፍኚ፣ ከኋላ ተቀመጪ" ትላለህ? ምነው ምላስህ በተቆረጠ! አልኩት። ሁሉም አሜን አለ። ጎበዝ፣ ከየት አመጣሽው እንዲህ ያለ አውሬ?»

ከየት አመጣችው? ከአግዳሚው ወንበር ነዋ። ካለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አራሚው ጫማውን እያየ፣ «ለማንም ተናግሬው አላውቅም» ብሎ ከጀመረው ወሬ።

ሁለት መጽሐፍ አሳትማለች። ማረሚያ እንዴት እንደሚነበብ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስትጽፈው ግን የታያት የእሱ ዓይን ብቻ ነበር፤ ብቻውን፣ በዝምታ፣ ሲያነብ። ልትጠይቀውም አስባ ነበር። ዛሬ፣ ነገ፣ ከማረሚያው በፊት፣ ከማረሚያው ጋር ስትል ሳምንታት አለፉ። ለሺህ ጆሮ የምትጽፍ ሴት የአንዲት ሴት ጉሮሮ ረሳች። ማረሚያውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ እፍረቷ ግን በወረቀት የሚሸፈን አልነበረም።

*

አራሚውን ወረቀት መጋዘን ውስጥ አገኘችው። በጥቅል ወረቀቶች መካከል፣ ሥራ ያለው ሰው መስሎ፣ የተቆጠረ እየቆጠረ ነበር።

«ልጠይቅህ ነበር» አለችው።

«መቼ? በሁለተኛው እትም?»

«ስም የለውም እኮ። አንተ መሆንህን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።» ዞር አለ። ዓይኑ ሌሊቱን እንዳልተኛ ሰው ቀልቷል። «ሰባት ሰው ቆሞ ሲረግመኝ ተቀምጬ አረምኩልሽ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎሽ ነበር፣ ታውቂያለሽ? "እማዬ ከኋላ ተቀመጪ" የሚለው ላይ። ከ"እማዬ" ቀጥሎ። አስገባሁልሽ።»

ደራሲዋ በሕይወቷ ብዙ ስድብ ሰምታለች። ጋዜጣ ላይ «ሴትዮዋ ወደ ወጥ ቤቷ ብትመለስ» ተብሎላት ቆርጣ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። ይሄ ነጠላ ሰረዝ ግን አጥንቷ ገባ።

«እውነት ስለሆነ ነው የጻፍኩት» አለች፣ ድምፅዋ እየሳሳ። «ያቺን እናትና ያንን ልጅ እዚያ ያደረሳቸው ማን እንደሆነ ሰው እንዲያይ ነው። አንተን ለማዋረድ አይደለም።»

«እውነት የሁሉ ነው፤ ምስጢር ግን ባለቤት አለው። የነገርኩሽ ለአንቺ ነው። ለደራሲዋ ብነግራትማ መጀመሪያውኑ ነጥብ አሳምሬ እነግራት ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አውጪው። ለምኜሽ አላውቅም። ስለ እኔ ብለሽ አውጪው።»

አየችው። ቀይ ቀለም ከአውራ ጣቱ አይለቅም፤ ቢታጠብም አይለቅም። ያንን ጣት ስንት ጊዜ በመዳፏ ውስጥ ይዛዋለች። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ከንፈሯን ከፈተች።

«ወይዘሪት አይነካም!» አለች ራዲዮ ከደረጃው ሥር። «ላይ ቤት ሥራ አስኪያጁ ይፈልግሻል! አሁኑኑ ብሏል!»

«እሺ»ን ሳትለው፣ ማረሚያዋንም እዚያው ረስታ ደረጃውን ወጣች።

*

ሥራ አስኪያጁ የማተሚያ ቤቱም ባለቤት፣ አሳታሚዋም እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆን የሚያስፈልገው ድፍረት ያልፈጠረበት ሰው ነው።

«የኔ እህት፣ ሻይ ይምጣልሽ?»

ሻይ ካለ ነገር አለ። «ምንድን ነው?» አለች ሳትቀመጥ።

«መጽሐፉ ግሩም ነው። አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። እና... ምዕራፍ ዘጠኝ ይውጣ።»

«ማን ይውጣ አለ?»

«ልቦለድ ነው፣ ልቦለድማ ልቦለድ ነው። ግን አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ የወጋት ሴት፣ "ለሁላችንም ወፍራም ጓንት ይሰጠን" ስላለች በሳምንቱ የምትባረርበት ሆስፒታል... ሰው ይጠረጥራል። የሆስፒታሉ የሕመምተኛ ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣው፣ የቀጠሮ ደብተሩ የሚታተመው እዚህ ነው። አባትሽ ወሬው ደርሷቸው ደውለው ነበር።»

«ተቆጡ?»

«ሳቁ። የሳቁት ነው ያስፈራኝ።» ክራባቱን ላላ አደረገ። «እስከ ሐሙስ አስቢበት። አንዲት ምዕራፍ ናት። ጥርስ ማስነቀል ማለት ነው፤ ትንሽ ያማል፣ ከዚያ ይረሳል።»

ልብ አድርጉላት። ከአምስት ደቂቃ በፊት ምዕራፉን ልታወጣው ነበር፤ ለምትወደው ሰው፣ በገዛ እጇ። አሁን ብታወጣው ግን ያወጣው አባቷ ነው። አወጣች ይባላል፤ ለምን እንዳወጣች የሚጠይቅ የለም። ነገም ሌላው ደራሲ እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ «ወይዘሪት አይነካም እንኳ አውጥታለች» ይሉታል። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ።

«አይወጣም!» አለች ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። «ምዕራፉ የኔ ነው! እኔ ጽፌዋለሁ፤ ማንም ምንም ቢል፣ ማንም ቢለምነኝ፣ አንዲት ቃል አትነካም!»

ከኋላዋ ወለሉ ተንቋቋ። አራሚው በሩ ላይ ቆሟል። መጋዘን ረስታው የሄደችውን ማረሚያ ይዞላት መጥቶ ነበር። የሰማው መጨረሻውን ብቻ ነው።

«ማንም ቢለምንሽ» አለ ቀስ ብሎ። ወረቀቱን በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ ጠርዙንም አስተካከለው፣ አራሚ ነውና። «ገባኝ።»

«አልገባህም! ቆይ፣ እሱ እኮ...»

ሄደ። ሥራ አስኪያጁ በሀዘኔታ አያት። «ሻዩን ላስመጣው?» አላት፤ በዚያች ሰዓት ሰው መግደል ለምን ወንጀል እንደሆነ ፈጽሞ አልታይ አላት።

*

አባቷ በማግሥቱ ምሳ ላይ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ቀዶ ጥገና ከተወ አስር ዓመት ቢሆነውም ብርቱካን ሲልጥ ልጣጩ አንድም ቦታ አይበጠስም።

«አባዬ፣ መርፌ የወጋት የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ትዝ ትልሃለች? ከሰባት ዓመት በፊት ያሰናበትካት?»

«የትኛዋ?»

ያቺ አንዲት ቃል ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ደራሲዋ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ስንት ነበሩ?»

ልጣጩ ተበጠሰ። አባቷ የተበጠሰውን አየና ቢላውን አኖረው። «በቀን ስንት ወረቀት እንደምፈርም ታውቂያለሽ? አንቺን ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁሽ በዚያ ፊርማ ነው። አሁን በተማርሽው ፊደል ዞረሽ ታሳጪኛለሽ። ነገሩ የአጣቢዋ ልጅ ነው አይደል? አዎ፣ ሰምቻለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ አይደለም እዚህ ቤት። እሱ ነው የሞላሽ?»

«እሱማ አውጪው ነው የሚለኝ።»

አባቷ ከልቡ ሳቀ። «እንግዲያው ከእኔ ጋር ተስማምቷል! ብልህ ልጅ ነው። ምን በደለኝና እጠላዋለሁ?»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ደራሲዋ ግን ሌላ ነገር ሰማች። ሥራ አስኪያጁ ይውጣ አለ። አባቷ ይውጣ አለ። የምትወደው ሰው ይውጣ አለ። እሷ አይወጣም አለች። አራት ሰው በአንዲት ሴት እጅ፣ በአንዲት ሴት መርፌ፣ በአንዲት ሴት ጓንት ይሟገታል፤ ሴትየዋን ግን የጠየቀ የለም። አባቷ ሲያባርራት አልጠየቃትም። እሷም ስትጽፋት አልጠየቀቻትም።

«ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው ታዲያ?» አለች ድምፅ አውጥታ።

«የምን ልዩነት?»

ከወንበሯ ስትነሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈረችው በአባቷ ሳይሆን አባቷን በመምሰሏ ነበር።

*

የአራሚው እናት ቤት በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ያለች ክፍል ናት። በሩ ክፍት ነበር። ሴትየዋ ቆማ የሰው ልብስ ትተኩሳለች። ከሆስፒታሉ ከወጣች ወዲህ የምትኖረው በዚሁ ነው። ከኋላዋ በገመድ ላይ የተኮሰቻቸው ሸሚዞች እጃቸውን አንጠልጥለው ተሰልፈዋል።

ቀና ብላ አየቻት፤ አልተገረመችም።

«የዶክተሩ ልጅ ነሽ። አፍንጫሽ የእሱ ነው። ሲፈርም ቀና ብሎ ስላላየኝ ዓይኑን አልለየሁትም እንጂ።»

ደራሲዋ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር፣ ሦስት አንቀጽ ነበር፣ ብን ብሎ ጠፋ። «እማማ፣ ስለ እርስዎ ጽፌያለሁ። ሳልጠይቅዎ። ልጅዎ ተቀይሞኛል። አባቴም ይውጣ ይላል። እኔ ግን የመጣሁት እርስዎን ልሰማ ነው። አውጪው ካሉኝ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ላንብብልዎ?»

«ተቀመጪና አንብቢ። እኔ እየተኮስኩ ነው የምሰማው፤ ሸሚዙ የሰው ነው፣ ልቦለድ አይጠብቅም።»

ማንበብ ጀመረች። የራዲዮ ጉሮሮ የላትም። ምድር ቤቱን አነበበች፤ እንፋሎቱን፣ በረኪናውን፣ ከአንሶላው እጥፋት የወጣውን መርፌ። ካውያው ይመላለሳል። «የስንብት ወረቀቷን ፈርማ ወጣች፤ በሆስፒታሉ በር ላይም ተንበርክካ አለቀሰች» የሚለው ላይ ስትደርስ ካውያው ቆመ።

«ማን ነው ያለቀሰው?»

«እርስዎ... ማለቴ፣ እሷ።»

«እኔ አላለቀስኩም።» ካውያውን አቁማ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ያረጀ እስክሪብቶ አነሳች። «ይኸውልሽ የአባትሽ እስክሪብቶ። ፈርሚ ሲለኝ ፈረምኩና ይዤው ወጣሁ። "መልሺው" ብሎ ዘበኛ አስከተለብኝ፤ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ሰባት ዓመቱ ነው፤ አይጽፍም፣ ግን አለኝ። አንቺ ግን ወስደሽ አንበረከክሽኝ። ለምን? ቆሜ ብሄድ ሰው አያዝንልኝም?»

ደራሲዋ ፊቷ ነደደ። ስለ ተጨቆኑ ሴቶች ሦስት መጽሐፍ ጽፋ፣ አንዲቷን እንኳ ስትሮጥ አላሰበቻትም ነበር። «አርመዋለሁ» አለች። «በእርስዎ አፍ አርመዋለሁ።»

«ቀጥይ።»

ቀጠለች። ስለ ምረቃው፣ ልጁ ስለ ገዛላት ነጭ ጓንት። «"እማዬ፣ ከኋላ ተቀመጪ" አላት። እሷም ሄዳ ተቀመጠች። ያን ቀን እስኪመሽ እጇን ለማንም አልገለጠችም።» ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ሴትየዋ የሸሚዙን እጅጌ በመዳፏ አስተካከለች።

«ይሄን እሱ ነው የነገረሽ?»

«አዎ።»

«ይዞት ኖሯል» አለች ቀስ ብላ። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። «ምስኪን። ይዞት ኖሯል። ከኋላ አለኝ፤ አዎ፣ ብሏል። ሆዴን ቆርጦኛል፤ አልዋሽሽም። ሄጄ ተቀመጥኩ። ኋላ ግን ስሙን ሲጠሩት ላጨበጭብ ብል ጓንቱ ድምፅ የለው! ትራስ በትራስ እንደ መምታት ነው። እኔ ያን ሁሉ ዓመት አንሶላ የጠመዘዝኩት ለዚህ ድምፅ አይደለም። አወለቅኩት። ወንበር ሥር ወረወርኩትና አጨበጨብኩ! ይሄ እጅ ደግሞ ደርቋል፣ እንደ እንጨት ነው የሚጮኸው። አዳራሹ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የዘነጡ ወይዘሮ እጄን አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ። "ልጄ ነው" አልኳቸው። "በዚህ ነው ያስተማርኩት" ብዬ አፍንጫቸው ሥር ዘረጋሁላቸው!»

«ጓንቱ ጠፋ ነበር ያልሽኝ።»

ሁለቱም ዞሩ። አራሚው በሩ ላይ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዳቦ ይዟል።

«ወረወርኩት ብልህ ሌላ ልትገዛልኝ ነዋ!» አለች እናቱ። «ይሉኝታህን አላውቀውም?»

«አስር ዓመት ሙሉ... እጅሽን ሸፍነሽ የዋልሽ ይመስለኝ ነበር።»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንተ አትጠይቅም። እሷም አትጠይቅም። አባቷም አይጠይቅም። የተማረ ሰው ምን ነክቶት ነው?»

ደራሲዋ ተነሳች። «እማማ፣ አሁን ጠይቄዎታለሁ። ይውጣ?»

ሴትየዋም ተነሳች። አጭር ናት፤ ያን ጊዜ ግን ሸሚዞቹ ሁሉ ከኋላዋ እንደ ጭፍራ የቆሙላት መሰለ።

«አንቺ ልጅ፣ ከሥራዬ አወጡኝ። ከአዳራሹ መካከል ልጄ አወጣኝ። አሁን ደግሞ ከመጽሐፍ ልታወጡኝ ነው? መውጣት ሰልችቶኛል። አልወጣም! ሂጂና ለአባትሽም፣ ለአለቃችሁም አልወጣም ብላለች በያቸው። ያጨበጨብኩትንም ጨምሪ።» ወደ ልጇ ዞረች። «አንተስ? ያምሃል?»

«ያመኛል፣ እማዬ።»

«ይመምህ። አይገድልህም።»

አራሚው ዳቦውን አስቀመጠና ግንባሩን በእናቱ ትከሻ ላይ ደፋ። ደራሲዋን አላያትም። እሷም ማረሚያዋን ሰብስባ ወጣች፤ በሕይወቷ የሰማችው ትልቁ ትችት ከአንዲት አድማጭ ተሰጥቷት፣ ሰው ስታሳድግ የኖረች እጅ በጥፊ መትታ ያቆመቻት ያህል ቀና ብላ።

*

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ ማረሚያ ክፍሉ ወረደ። ደራሲዋ ማረሚያዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትጠብቀዋለች፤ ራዲዮ አለች፤ ጠራዦቹም ሥራ ያላቸው መስለው ተጠግተዋል። አራሚው ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል።

«እሺ የኔ እህት፣ አሰብሽበት?»

«አስቤበታለሁ» አለች ደራሲዋ። «ምዕራፉ አይወጣም። እንደውም ሁለት ገጽ ጨምሯል።»

«ጨምሯል!» ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን ሳበ። «ሰው አሳጥሪ ሲባል... አንቺ ሴትዮ፣ የማን ልብ ነው ያለሽ? እኔ እኮ ስለ አንቺ ነው። "የገዛ አባቷን ሸጠች" ይሉሻል። ያላየችውን፣ ያልነበረችበትን ፈጥራ ጻፈች ይሉሻል! ማን ይመሰክርልሻል?»

የወንበር እግር ወለሉን ፋቀ። አራሚው ቆሟል።

«እኔ» አለ።

«አንተን ምን አገባህ? ነጥብህን ልቀም!»

«ሴትየዋ እናቴ ናት። መርፌ ወግቷታል፤ ጠባሳው አለ። የተባረረችበት ወረቀትም አለ።» ወደ ራዲዮ፣ ወደ ጠራዦቹ፣ ወደ ወረቀት ቆራጯ ዞረ። ፊቱ ከወረቀቱ ይልቅ ነጥቷል፤ ድምፁ ግን አልተሰበረም። «ከኋላ ተቀመጪ ያላትም ልጅ እኔ ነኝ። ጓንቱን የገዛሁትም እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት የረገማችሁት እኔን ነው፤ እዚሁ ተቀምጬ ነበር።»

ራዲዮ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ስትሠራ ድምፅ ያጣችበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ደራሲዋ አየችው። ይህን አልጠየቀችውም፤ ለመጠየቅም አፍ አልነበራትም። ያንን ምስጢር እሷ ሰርቃ አውጥታው ነበር፤ እሱ ደግሞ አሁን በሰው ሁሉ ፊት በገዛ እጁ ወስዶ የራሱ አደረገው። አንዲት እንባ ያለ ፈቃዷ ወረደች፤ አልጠረገቻትም፤ ትቆጠር አለች በልቧ።

«ይህን ምዕራፍ የያዘ ወረቀት በእኔ ማሽን አያልፍም!» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ደፋር ለመሆን በመጨረሻ ወስኖ፣ ያውም በተሳሳተው በኩል። «ሁለታችሁም ውጡልኝ!»

«ማሽንዎን ለሆስፒታሉ ካርድ ይጠቀሙበት» አለች ደራሲዋ። «ይህ መጽሐፍ ሌላ ማሽን አያጣም።» ወረቀቶቿን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች፤ አራሚውም የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ተከተላት። ጠራዦቹ ሳይነገራቸው ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁ።

ውጭ ፀሐይ ነው፤ መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ጥቂት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«ልጠይቅህ ነበር አልልህም» አለችው። «ልጠይቅህ ይገባ ነበር፤ አልጠየቅኩህም። ይቅር በለኝ።»

አንድ ጫኝ በመካከላቸው አለፈ፤ «እናንተ ሰዎች፣ ፍቅራችሁን ወደ ዳር!» ብሎ ተቆጣቸው።

«ገና ነኝ» አላት በመጨረሻ። «ልዋሽሽ አልችልም። ያቺን ገጽ ሳስብ አሁንም ፊቴ ይነዳል። ነገም ይነድ ይሆናል።»

«ልሂድ ታዲያ?»

«ወዴት? አሳታሚ የለሽ፣ አባትሽ አያናግሩሽ።» እጁን ዘርግቶ የወረቀቱን ግማሽ ከእቅፏ ወሰደ። «ከሌላ ሰው ጋር ተስማምቼ ከምኖር ከአንቺ ጋር ተጣልቼ ብሄድ ይሻለኛል። ይቅርታው በጊዜው ይመጣል። ብቻሽን ግን አትሄጂም።»

የቀረውን ግማሽ በብብቷ ሸጉጣ ተጠጋችው። ማን ያሳትመዋል፣ የት ይኖራሉ፣ ነገ ማን በሩን ይዘጋባቸዋል፣ አንዱንም አታውቅም። ደረቷ ውስጥ የሚመታውን ፍርሃት ነው ብላ ቆማ አዳመጠችው። ፍርሃት አልነበረም። ቁጣና ፍቅር አንዲት ጠባብ ክፍል አብረው ተከራይተው፣ ማንም ያስወጣን እንደሆን እናያለን እያሉ፣ ግድግዳውን ሲደበድቡ ነበር።